ውሻና ድመት በቤተ ሰብ መካከል

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ እንድናገር በተፈቀደልኝ ጊዜ ሌሎቹ ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅም፥ ስለ አገር ፍቅርና ስለ ሥልጣኔ እንደሚናገሩ ዐውቅ ነበር። እነዚህ ሁሉ ታላላቅ አርእስት ናቸው። እኔ ግን ከእነርሱ ያነሰውን፥ ሆኖም በየቀኑ ከደጃፋችን የምናገኘውን ነገር መርጫለሁ፤ ይኸውም ስለ ውሻና ስለ ድመት ነው። ከታናናሾቻችን መካከል አንዳንዶቹ ከወዲሁ ሲሥቁ እሰማለሁ። ይሣቁ፤ ምክንያቱም የምናገረው ነገር ከፊሉ የሚያሥቅ ነው። ከፊሉ ግን አያሥቅም።

በቂርቆስ ሠፈር ለምንኖር ሰዎች የቤት ችግር ምን እንደ ሆነ ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገንም። እኛ የምንኖርበት ግቢ የአራት ቤተ ሰብ መኖሪያ ነው፤ የውሃው ቧንቧ አንድ፥ መጸዳጃው አንድ፥ ልብስ የሚሰጣበትም ገመድ አንድ ብቻ ነው። ቤቶቹ በ1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆኑት መካከል ስለ ሆኑ እስከ ዛሬ «የቀበሌ ቤት» እየተባሉ ይጠራሉ። ግድግዳቸው የጭቃ፥ ጣሪያቸው የቆርቆሮ ነው። በሐምሌ ሌሊት በቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ ምን ያህል እንደሚጮህ ለሠፈራችን ልጅ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ የሚመጣውም አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ስለ ሆነ ከአራቱ ቤት አንድ ሰው ተራውን ጠብቆ ይነሣና በርሜሉንና ጀሪካኑን ሲሞላ ያድራል። መብራት ይጠፋል፤ ሊጡ ኩፍ ብሎ ሳለ ምጣዱ ሳይሰማ ይቀራል።

ከእነዚህ ሁሉ ችግሮች ግን እናቴን እንቅልፍ የነሣት አይጥ ነበር። ጤፍ እንደ ልብ በማይገዛበት ጊዜ አንድ ጆንያ ጤፍ በቤት ማስቀመጥ ማለት ገንዘብ ማስቀመጥ ማለት ነው። አይጥ ይህን ባንክ ለመዝረፍ መሣሪያ አያሻትም፤ ጥርሷ ይበቃታል። የጆንያውን ሥር ቀድዳ ጤፉን በትነችው። የአባቴን የክት ካልሲ ወስዳ ጎጆ ሠራችበት። የታሪክ ደብተሬንም ከዘመነ መሳፍንት ጀምራ እስከ ዐድዋ ጦርነት ድረስ በላችው። ወጥመድ ተጠመደ፤ አንድ ጊዜ ያዘ፤ ከዚያ በኋላ ግን አይጦቹ ወጥመዱን ዐወቁት። መርዝ ተገዛ፤ መርዙን የቀመሰች አንዲት አይጥ ከግድግዳው ውስጥ ገብታ ሞተችና ሽታዋ ሁለት ሳምንት አስቸገረን። በዚያው ሰሞን የጎረቤታችን ዶሮ ስለ ሞተች «ከመርዙ ነው፤ ከመርዙ አይደለም» የሚል ክርክር ተነሥቶ ግቢው ለሁለት ተከፈለ።

በዚህ ጊዜ ነው አያቴ «ፈጣሪ ድመትን ፈጥሮ ሳለ ሰው ከአይጥ ጋራ በመርዝ ይዋጋል?» ያሉት። በማግሥቱም ጤፍ ወደሚያስፈጩበት ወፍጮ ቤት ሄደው ከባለቤቱ ለምነው አንዲት የድመት ግልገል በነጠላቸው ጠቅልለው አመጡ። «የወፍጮ ቤት ድመት ሥራዋን ከእናቷ ጡት ጋራ ትማራለች» አሉ። ስሟም ውሮ ተባለ። በርግጥ ይህ ያገራችን ድመቶች ሁሉ የወል ስም ነው፤ ነገር ግን ማንም ሌላ ስም ቢያወጣላትም የምትሰማው ውሮ ሲሏት ብቻ ነበር።

የድመትና የእህል ጎተራ ወዳጅነት የትናንት ነገር አይደለም። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት የቤት ድመት ዘር የሚመዘዘው በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ከሚኖረው የዱር ድመት ነው። ሰው እርሻን ዐውቆ እህል ማከማቸት በጀመረ ጊዜ አይጥ ወደ ጎተራው መጣች፤ ድመትም አይጧን ተከትላ መጣች። ቆጵሮስ በተባለችው ደሴት ከ9,500 ዓመት በፊት ከአንድ ሰው መቃብር አጠገብ የተቀበረች ድመት መገኘቷን የጥንት ቅርስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 አስታውቀዋል። በደሴቲቱ ላይ ድመት በተፈጥሮ ስላልነበረ ያችን ድመት ሰው በመርከብ እንዳሻገራት ይታመናል። እንግዲህ ውሮ በእናቴ ጆንያ አጠገብ ስትቀመጥ አያቶቿ ይዘውት የኖሩትን ሥራ መቀጠሏ ነው።

ስለ ድመት በማንብበት ጊዜ ስለ ራሳችንም አንድ ነገር አገኘሁ። በአውሮፓና በአሜሪካ «አቢሲኒያን» የሚባል፥ ጠጕሩ አጭር፥ መልኩ እንደ ጥንቸል የሆነ የድመት ዘር አለ፤ ስሙን ያገኘው ከአገራችን ነው። የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ዘምቶ ሲመለስ ዙላ የተባለች ድመት አብራ ወደ እንግሊዝ አገር ሄዳ የዚህ ዘር መጀመሪያ ሆነች እየተባለ ይነገራል። በዚህ ለመኩራት ተዘጋጅቼ ሳለሁ ቀጥሎ ያለውን ገጽ ብገልጥ በቅርብ ጊዜ የተደረገው የዘር ምርመራ የዚህ ድመት ትውልድ ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ አገሮችና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ሳይሆን እንደማይቀር ያመለክታል የሚል አገኘሁ። ይህን ለአያቴ ብነግራቸው «ታዲያ ስማችንን ለምን ወሰዱት?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ወደ ውሮ ልመለስ። በሦስት ወር ውስጥ የአይጦቹ ቁጥር እጅግ ቀነሰ። አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች እንደሚባለው ደፋሮቹ አለቁ፤ ብልሆቹም ወደ ሌላ ግቢ ተሰደዱ። ይሁን እንጂ ውሮ መልካም ሠራተኛ ብትሆንም ቅድስት አይደለችም። የሁዳዴን ጾም 55 ቀን ሙሉ ከአያቴ እግር ሥር በጨዋነት ተቀምጣ ከቆየች በኋላ ልክ በፋሲካ ሌሊት እኛ ቤተ ክርስቲያን ሳለን የድስቱን ክዳን ገፍታ ሁለት የዶሮ ብልት ወሰደች። ድመት መንኵሳ አመሏን አትረሳ ማለት ይህ ነው። አያቴም ለሐምሌ 19 ቀን፥ ለቅዱስ ገብርኤልና ለቂርቆስ በዓል ብለው አጥበው በሣጥን ውስጥ ባስቀመጡት ነጠላ ላይ ሄዳ አራት ግልገሎች ወለደች። ቤቱ ሁሉ የአያቴን ቁጣ ሲጠባበቅ እሳቸው ግን ክዳኑን ከፍተው አዩና «ነጠላ ይታጠባል» ብለው መልሰው ገርበብ አደረጉት፤ ለበዓሉም ያረጀውን ለብሰው ሄዱ። ከአራቱ ግልገሎች ሦስቱን ገና ዓይናቸው ሳይገለጥ ሰው ተሻምቶባቸው ነበር፤ በሠፈራችን አይጥ ያላስቸገረው የለምና።

ስለ ድመት ይህን ያህል ካልሁ ይበቃል። አሁን ልናገር ወደ መጣሁበት ነገር ልምጣ፤ እርሱም የውሻው ነገር ነው።

ካዛንቺስ የሚለው ስም ከአማርኛ የመጣ አይደለም። ኢጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን ይዘው በነበሩበት ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው መኖሪያ የሚሠራ፥ በአጭሩ «ኢንቺስ» የሚባል ድርጅት ነበራቸው። «ካዛ» በቋንቋቸው ቤት ማለት ነው። «ካዛ ኢንቺስ» የተባለው በሰው አፍ ሲዞር ካዛንቺስ ሆነ። በኋላም በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ በዚያው ተመረቀ፤ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በውስጡ ተመሠረተ። ከታላላቆቹ ሕንፃዎች ጀርባ ግን ብዙ ትናንሽ ቤቶች፥ ሥጋ ቤቶች፥ ምግብ ቤቶችና ጠባብ መንገዶች ነበሩ። የአባቴ እኅት የኖረችው ከእነዚህ ትናንሽ ቤቶች በአንደኛው ነው።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት የካዛንቺስ ብዙው ክፍል ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎችም የከተማው ዳር መንደሮች ተዛወሩ። ስለ ልማቱ ጥቅምና ጉዳት መናገር የዛሬው ርእሴ አይደለም፤ ከእኔ የሚበልጡ ሰዎች ብዙ ተነጋግረውበታል። እኔ የምናገረው በዚያን ሰሞን በመንገዱ ሳልፍ ስላየኋቸው ውሾች ነው። ሰው ዕቃውን በመኪና ጭኖ ሄዷል፤ ቆርቆሮው ተነቅሏል፤ ግድግዳው ወድቋል። ውሾቹ ግን በር በሌለበት ደጃፍ ላይ ተኝተው አላፊ አግዳሚውን ይጮኹበት ነበር። የሚጠብቁት ቤት እንደሌለ የነገራቸው የለም። ከእነርሱ ብዙዎቹን ባለቤቶቻቸው ሳይወዷቸው ቀርተው አይደለም የተዉአቸው። ግቢ ለለመደ ትልቅ ውሻ በፎቅ ላይ በሁለት ክፍል ውስጥ ምን ቦታ ይገኝለታል?

ለአክስቴ የደረሳት ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሻዋ ቡናማ፥ ጆሮው የቆመ፥ ዕድሜው አምስት ዓመት የሆነ ያገር ውሻ ነበር፤ ስሙም ሻምበል ይባላል። ዕቃዋን ከመጫኗ በፊት በነበረው ምሽት ወደ እኛ ቤት መጥታ ቡና እንኳ ሳትጠጣ አባቴን «ወንድም ጋሼ፥ ሌላ ነገር አላስቸግርህም፤ ይህን ውሻ ብቻ ተቀበለኝ» አለችው። አባቴ ወደ እናቴ ተመለከተ። እናቴም ወደ ሊጡ ተመለከተች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ «ለልጆቹ የሚበቃ እንጀራ ሲጠበን የውሻ ቀለብ ከየት ይመጣል?» አለች። እውነቷን ነው፤ ውሻን መውደድ ቀላል ነው፥ ውሻን መቀለብ ግን በየቀኑ የሚደረግ ነገር ነው።

ነገሩ ደግሞ የእኛ ብቻ አልነበረም። የአራት ቤተ ሰብ ግቢ ስለ ሆነ በማግሥቱ ጧት ቡና ተፈልቶ ጉባኤ ተቀመጠ። ከጎረቤቶቻችን አንዷ ሴት በልጅነታቸው ውሻ ነክሷቸው ስለ ነበረ ፈጽሞ እንደማይስማሙ ተናገሩ። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ ዛሬ ውሻ፥ ነገ በግ፥ ከነገ ወዲያ ላም ማስገባታችሁ ነው» አሉ። ሌላዋ ጎረቤት ግን ባለፈው ወር ሌባ በአጥር ዘሎ ከገመዱ ላይ ልብስ፥ ከደጃፉም ሁለት ጀሪካን መውሰዱን አስታወሱ። በመጨረሻም ሁሉም ሰው ወደ አንድ ሽማግሌ ተመለከተ። እኒህ ሽማግሌ ጡረታ የወጡ ወታደር ሲሆኑ ማዕረጋቸው ሻምበል ነው። በግቢያችን «ሻምበል» ብሎ የሚጠራ ሰው ሁሉ እሳቸውን ነው የሚጠራው።

ውሻው ማን እንደሚባል እስካሁን የተናገረ አልነበረም። ታናሽ ወንድሜ ግን ከማእዘን ሆኖ «ስሙ ሻምበል ነው!» ብሎ ጮኸ። የዚያን ጊዜውን ዝምታ መቼም አልረሳውም። አያቴ ፈጠን ብለው «ሰው በማዕረጉ በሚከበርበት ግቢ ውሻ በማዕረግ አይጠራም፤ ስሙ ዛሬ ይለወጣል» አሉ። ሽማግሌው ግን ስኒያቸውን አስቀምጠው «እማማ፥ ስሙን አይለውጡበት። ቤቱን አጥቷል፤ ስሙን ደግሞ ልንወስድበት ነው?» አሉ። ከዚያ በኋላ የሚከራከር ሰው አልተገኘም። ለመለየት ያህል እርሱን «ሻምበል ትንሹ» እንድንለው ተስማማን። የተቃወሙትም ጎረቤት ቀን ቀን ይታሰር፥ ሌሊት ብቻ ይፈታ፥ ቆሻሻውን የእኛ ቤት ልጆች ይጥረጉ ብለው ውላቸውን አስገቡ። ውሉ እስከ ዛሬ የጸና ነው፤ ጠራጊዋም እኔ ነኝ።

ውሻው ከመጣ በኋላ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። በሦስተኛው ሌሊት ገመዱን በጥርሱ በጥሶ ጠፋ። እኔና ወንድሜ ገና ሳይነጋ ተነሥተን ከቂርቆስ እስከ ካዛንቺስ በእግራችን ሄድን። ወንድሜ በመንገድ ላይ ያየውን ውሻ ሁሉ በስም እየጠራ ያለቅስ ነበር። የአክስቴ ቤት የነበረበትን ቦታ ለማወቅ ተቸገርን፤ ግንቡም፥ ሱቁም፥ የምናውቀው የጽድ ዛፍም አልነበረም። ቦታውን ያሳየን ውሻው ራሱ ነው። በፍርስራሹ መካከል ቀድሞ የግቢው በር በነበረበት ሥፍራ ፊቱን ወደ መንገዱ መልሶ ተኝቶ ነበር። ሲያየን ጅራቱን ወዘወዘ፤ ነገር ግን አልተነሣም። ወንድሜ ነጠላ ጫማውን አውልቆ አጠገቡ ተቀመጠ፤ እኔም ተቀመጥሁ። ፀሐይ እስኪሞቅ ድረስ እንዲህ ቆይተን በገመድ ይዘነው ተመለስን። ሽማግሌው ነገሩን ሲሰሙ «ወታደር ከቆመበት ጥበቃ ያለ ትእዛዝ አይለቅም፤ ትእዛዝ የሚሰጠው ሰው ጥሩለት» አሉ። አክስቴም ተጠርታ መጣች፤ ብዙ ዘመን የለበሰችውን አሮጌ ጋቢ ይዛ ነበር። ሽማግሌው ከአሮጌ ቆርቆሮና ከሳንቃ በሠሩለት ቤት ውስጥ ጋቢውን አነጠፈችለትና ከአጠገቡ ተቀምጣ ብዙ ነገር ነገረችው። የነገረችው ምን እንደ ሆነ አልሰማሁም። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን አልጠፋም።

አሁን ስለ ቀለቡ ልናገር፤ እናቴ የፈራችው ይህን ነበርና። የአዲስ አበባ ውሻ የሚኖረው ከቤት በሚተርፍ ፍርፋሪና ከሥጋ ቤት በሚገኝ አጥንት ነው። ሳንባ ደግሞ ሰው እምብዛም ስለማይበላው በርካሽ ይገኛል፤ ቀቅሎ ከደረቀ እንጀራ ጋራ መፈትፈት ነው። ለአራት ቤት የሚተርፈው ፍርፋሪ አንድ ላይ ሲሆን ከገመትነው በላይ ሆነ። ችግር የመጣው በሁዳዴ ነው። ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፥ በቤትም የሚበላው ሽሮና ምስር ብቻ ነው። ሻምበል ትንሹ በመጀመሪያው ሳምንት የሽሮ ፍትፍቱን አሽትቶ ወደ እኛ ቀና ብሎ ያይ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ጾመኛ ሆነ። አያቴ በዚህ እጅግ ደስ ብሏቸው ለጎረቤት ሁሉ ተናገሩለት። ፈረንጆች ለውሻ በቆርቆሮ የታሸገ ምግብ እንደሚገዙ ብነግራቸው ግን «ይህስ ውሸት ነው» አሉኝ።

አያቴ በአንድ ነገር አይነቃነቁም፤ ውሻ ወደ ቤት አይገባም። ሥዕለ አድኅኖ ባለበት፥ ጸሎት በሚደረስበት ቤት ውሻ አይገባም ይላሉ፤ ድመት ግን ትገባለች። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስማር መምህራኖቻችን ውሻቸውን በቢሮአቸው ምንጣፍ ላይ ሲያስተኙ አይቻለሁና በዚህ ነገር ላከራክራቸው ሞክሬ ነበር። እንዲያውም ከሠፈራችን ብዙ ሳይርቅ በ1948 ዓ.ም. በተሠራው የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የሚባል ትንሽ ውሻ እንደ ነበራቸው ነገርኋቸው። የፖላንዱ ጋዜጠኛ ካፑሺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ ስለዚሁ ውሻ የጻፈው ነገር አለ፤ ብዙ ሰዎች እውነተኛነቱን ስለሚጠራጠሩት እዚህ አልደግመውም። አያቴ ጥቂት አሰቡና «ንጉሥ የፈለገውን ያደርጋል፤ በእኔ ቤት ግን አይገባም» አሉ። ስለዚህ እስከ ዛሬ ከደጅ ነው። ሆኖም በክረምት ዝናብ ሲበረታ ጋቢውን በሌላ ደረቅ ጨርቅ የሚለውጡለት እሳቸው ናቸው።

ከዚህ ቀጥሎ የምነግራችሁ ነገር የሚያሥቅ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. መጋቢት ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ውሻውን እንዳይገባ ተቃውመው የነበሩት ጎረቤታችን የስድስት ዓመት ልጅ ውሻው እየበላ ሳለ ጅራቱን ጎተተውና እግሩን ነከሰው። ቁስሉ ትንሽ ነው፤ ደም ግን ወጥቷል። እናቱ ጩኸታቸውን አቀለጡት፤ ሰው ከየቤቱ ወጣ። አንዱ «በርበሬ አድርጉበት» አለ፤ ሌላው «ጠጕሩን አቃጥላችሁ ቁስሉ ላይ ነስንሱበት» አለ። ከሥነ ሕይወት መምህራችን የተማርሁትን ለእናቴ ነገርኋት፤ ይኸውም ውሻ የነከሰውን ቁስል ከሁሉ አስቀድሞ በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ተሕዋስ በለሐጭ ስለሚተላለፍ በዚህ መታጠብ ብዙው ሊጠፋ ይችላልና።

ነገር ግን ውሃ ከመጣ አራተኛ ቀኑ ነበር። በግቢው ውስጥ የቀረው በእኛ ቤት የነበረው ሁለት ጀሪካን ብቻ ነው፤ እርሱም ለሊጥና ለመጠጥ የተቀመጠ። እናቴ አንድ ቃል ሳትናገር ሁለቱንም አውጥታ ልጁን ከድንጋይ ላይ አስቀምጣ ማጠብ ጀመረች። እኔ ሰዓት እይዝ ነበር። አሥራ አምስት ደቂቃ ልጅ እያለቀሰ ሲቆጠር እንዴት ረዥም እንደ ሆነ ያየ ያውቀዋል። ሁለተኛው ጀሪካን ሊያልቅ ሲል ያ ዶሮዋ የሞተችባት ጎረቤት ከተደበቀ ሥፍራ ሦስተኛ ጀሪካን ይዛ ብቅ አለች። በዚያን ምሽት በአራቱም ቤት ወጥ አልተሠራም።

ልጁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ተወስዶ ክትባት ጀመረ። ክትባቱ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሳይሆን በቀናት ልዩነት የሚደጋገም ነው፤ አባቴም የመመላለሻውን ገንዘብ ከፈለ። እርሱ እንደሚያስታውሰው በቀድሞው ዘመን ይሰጥ የነበረው፥ ከበግ አንጎል የሚዘጋጀው ክትባት ሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ በሆድ ላይ የሚወጋ ስለ ነበረ ብዙ ሰው ሕመሙን ፈርቶ ያቋርጠው ነበር። አያቴ ደግሞ ልጁ ጠበል ይጠመቅ አሉ፤ እናቱም ሁለቱንም አደረጉ። ሪቻርድ ፓንክረስት የተባሉት የታሪክ ምሁር ባገራችን ስለዚህ በሽታ ታሪክና ስለ ባህላዊ ሕክምናው እ.ኤ.አ. በ1970 ጽፈዋል፤ አባቶቻችን በሽታውን ምን ያህል ይፈሩት እንደ ነበረ ከዚያ ይታያል። መፍራታቸውም ትክክል ነው። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች ይሞቱበታል፤ አብዛኞቹ በአፍሪካና በእስያ የሚኖሩ ናቸው፤ ከመቶ አርባ የሚሆኑትም ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ወደ ሰው የሚመጣውም ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ እጅ ከውሻ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ዮሴፍ ሜስተር የተባለውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ በክትባት ካዳነ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ሳለ መሆኑ ያሳዝናል።

ወደ ግቢያችን ልመለስ። በዚያው ማታ ሦስት የሠፈር ጐልማሶች ዱላ ይዘው መጡ። ውሻው ይገደል አሉ። አክስቴ ጋቢውን ያመጣች ዕለት የውሻውን የክትባት ወረቀት ጨምራ ለአባቴ ሰጥታው ነበር፤ የእንስሳት ሐኪም ማኅተም አለበት፥ ጊዜውም አላለፈም። አባቴ ወረቀቱን አውጥቶ አሳያቸው። ደግሞም የነከሰ ውሻ ወዲያው ከተገደለ ሕመም ይኑርበት አይኑርበት መለየት ያስቸግራል፤ ታስሮ 10 ቀን ቢጠበቅ ግን፥ በዚያ ጊዜ ውስጥ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፥ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን እንዳላስተላለፈ ይታወቃል። ይህን ሁሉ አባቴ በትዕግሥት አስረዳ። ጐልማሶቹ ወረቀት አላረካቸውም። ያን ጊዜ ሽማግሌው ሻምበል በርጩማቸውን ይዘው ወጥተው ከውሻው ቤት ፊት ለፊት ተቀመጡ። ያሉት ነገር የለም፤ ተቀመጡ ብቻ። ጐልማሶቹ ጥቂት ቆይተው ሄዱ።

እኔ በኵሽናው ግድግዳ ላይ በከሰል በየቀኑ አንድ መስመር አሠምር ነበር። ወንድሜ በየጧቱ ከትምህርት ቤት በፊት ውሻው ውሃ መጠጣቱን፥ መብላቱንና ስሙን ሲጠሩት ማወቁን ሄዶ ያይና ለልጁ እናት በራቸው ላይ ቆሞ ይነግራቸው ነበር። እሳቸውም በሩን ሳይከፍቱ «እሺ» ይሉታል። በዐሥረኛው ቀን ውሻው እንደ ወትሮው ሆኖ አደረ። ልጁ ግን የተጀመረለትን ክትባት እስከ መጨረሻው ወሰደ፤ ሐኪሞቹ ያዘዙት እንደዚያ ነበርና።

ጎረቤታችን ከዚህ በኋላ ውሻ ወዳጅ ሆኑ ብል እዋሻለሁ። አንድ ወር ሙሉ ከእኛ ጋራ ቡና አልጠጡም፤ ዛሬም ሲያልፉ በግድግዳው ጥግ ነው የሚያልፉት። ልጁ ግን ውሻው ሲበላ በሩቅ ቆሞ ሌሎቹን ልጆች «ሲበላ አይነካም!» እያለ ይቈጣል። ሌባም ከዚያ ወዲህ በአጥራችን አልዘለለም፤ ገመዱ ላይ ልብስ ሲያድር ይታያል።

አክስቴ በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ እሑድ ከሩቁ መንደሯ በሁለት ታክሲ ተሳፍራ ትመጣለች። ውሻው መምጣቷን ከእኛ አስቀድሞ ያውቃል፤ እንዴት እንደሚያውቅ ግን ሊገባኝ አልቻለም፤ የቀን መቍጠሪያ የሚያነብ ይመስላል። ሳንባ በላስቲክ ይዛለት ትመጣለች። መጀመሪያ ከእርሱ ጋራ፥ ቀጥሎ ከአያቴ ጋራ፥ በመጨረሻም ከእኛ ጋራ ሰላምታ ትለዋወጣለች። የዓመት ክትባቱም ዋጋ በአራቱ ቤት ይዋጣል፤ ጎረቤታችንም ድርሻቸውን ሰጥተዋል፤ ሲሰጡም «ለውሻው አይደለም፤ ለልጄ ነው» ብለዋል።

የእኛም ሠፈር አንድ ቀን ይነሣ ይሆናል እየተባለ ይወራል። በቡና ላይ ይህ ወሬ በተነሣ ቍጥር እናቴ ስለ ክፍሎቹ ብዛት ወይም ስለ ውሃው አትጠይቅም፤ የምትጠይቀው ምድር ቤት ይደርሰን እንደ ሆነ ነው። ምድር ቤት ከሆነ በበሩ አጠገብ ለቆርቆሮው ቤት ቦታ ይገኛል ትላለች። ፎቅ ከሆነ ግን እንዴት እንደምናደርግ እስካሁን አልወሰንንም። ሽማግሌው ሻምበል «እኔ ምድር ቤት ከደረሰኝ ሁለቱም ሻምበሎች ከእኔ ጋራ ናቸው» ብለዋል፤ አያቴ ደግሞ ውሮን ማንም ቢጠይቃቸው እንደማይሰጡ ከወዲሁ አስታውቀዋል።